ፓርት ታይም መምህራን በቴሌግራም፦ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ሒሳብና ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። “ቤቴ” የምለው ኮሌጅ ግን የለኝም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንዱ ጋ ነኝ፣ ማታ ማታ ኤክስቴንሽን ሌላው ጋ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። በ2012 እንደ እኔ ከሚዞሩ አምስት መምህራን ጋር የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። አሁን ስልሳ ያህል ነን። የሐይቅ፣ የመርሳ፣ የወልድያ፣ የከሚሴ ሰው ሁሉ አለበት። በየከተማው ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር የሚያስቡ መምህራን በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል። ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው። ሁልጊዜ መልሱን በድምፅ ከምቀዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፓርት ታይም መምህር የምትሉት ማንን ነው?

በሰዓት ወይም በክፍለ ጊዜ ተቆጥሮ የሚከፈለውን ሁሉ። ቀን ባንክ ውሎ ማታ አካውንቲንግ የሚያስተምረውን። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቋሚ መምህርት ሆና ቅዳሜ የግል ኮሌጅ የምትገባውን። ጡረታ ወጥተው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩትን ጋሼዎች። ሦስት ቦታ ለቃቅሞ አንድ ደመወዝ የሚያወጣውንም፣ ማለትም እኔን።

ቤት ለቤት የሚያስጠኑትን መጀመሪያ አላስገባንም ነበር። “እነሱ ተቋም የላቸውም” አልን። ኧረ እኛስ መቼ አለን? ኋላ አስገባናቸው።

በአካል መገናኘት እያለ ቻት ለምን አስፈለገ?

በአካል ስለማንገናኝ ነዋ።

ቋሚ መምህር ጠረጴዛ አለው። መሳቢያ አለው። በእረፍት ሰዓት ስታፍ ገብቶ ሻይ ይዞ “ያ ሴክሽን እንዴት ነው?” ይላል። ፓርት ታይመር የሚመጣው ሌላው ሲወጣ ነው። ማርከሩ ኪሱ ውስጥ፣ የስም መጥሪያው ቦርሳው ውስጥ ነው። ክፍል ገብቶ፣ አስተምሮ፣ ፈርሞ ይወጣል። ከዘበኛው በቀር ሰላም የሚለው ሰው ላይኖር ይችላል።

የእኛ ግሩፕ አጀማመር ራሱ ይህን ይናገራል። አንድ እሑድ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ፣ ከፊታችን የጭነት መኪና ቆሞ መንገዱ ተዘጋ። የደሴን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራ መፍታት አልወድምና ሚኒባሱ ውስጥ የፈተና ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ማረም ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አየት አደረገና፣ “ይቅርታ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ከየት አመጣሽው?” አለኝ።

“ራሴ ያወጣሁት ነው” አልኩ።

“እኔም እኮ ራሴ ያወጣሁት ነው” አለ።

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ዲፓርትመንት፣ አንድ ኮርስ ስናስተምር ኖረናል። እሱ ለቀን ተማሪ፣ እኔ ለማታ። ተያይተን አናውቅም። ጥያቄው በተማሪ ፎቶ ኮፒ በኩል ከእሱ ወደ እኔ ነው ከእኔ ወደ እሱ ነው፣ እስከዛሬ አልተስማማንበትም። መኪናው እስኪነሣ ድረስ ግን ስልክ ተለዋውጠን፣ እንደኛ የሚዞሩ ሌሎች አራት ሰዎች ቆጥረን ነበር።

ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም። አይአርሲ የሚባለው የጽሑፍ መወያያ ፊንላንድ ውስጥ የተሠራው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ “ታፕድ ኢን” የሚባል የመምህራን መገናኛ ተከፍቶ፣ በየትምህርት ቤቱ ተበታትነው የሚሠሩ መምህራን ሰዓት ቀጥረው በጽሑፍ ይወያዩበት ነበር። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትዊተር ላይ “ኤድቻት” የሚባል የመምህራን ውይይት በየማክሰኞው ይካሄድ ነበር። የእኛም ቀን ማክሰኞ ነው። የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ሰኞ ማታ አብዛኞቻችን ክፍል ስላለን ነው የመረጥነው።

ቴሌግራም ይሻላል ዋትሳፕ?

ለእኛ ቴሌግራም። ዋናው ምክንያት የስልክ ቁጥር ነው። ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ስትገቡ ቁጥራችሁ ለአባላት ይታያል። ቴሌግራም ላይ መደበቅ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ “ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ” የሚለው ጋ ገብታችሁ፣ ስልክ ቁጥር የሚለውን “ኖባዲ” አድርጉት። ሁለተኛ፣ አዲስ የገባ ሰው የድሮውን ውይይት ወደ ላይ ሄዶ እንዲያነብ መፍቀድ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሞጁልና ሃንድአውት እንደልብ ይላክበታል፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የቴሌግራም ግሩፕ እንደ ምስጢር ቻቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። ቢሆንስ? ስልሳ ሰው ስልሳ ስክሪንሾት ማንሣት ይችላል። ግሩፕ ላይ የምትጽፉትን ፒያሳ ላይ ጮክ ብላችሁ ለማለት የማታፍሩት ብቻ ይሁን።

በስንት ሰው ይጀመር?

በአምስት። የስልካችሁን ዝርዝር በሙሉ ጎትታችሁ አታስገቡ። ሳይጠየቅ የገባ ሰው በማግስቱ ድምፁን ያጠፋዋል፣ በሳምንቱ ይወጣል። እኛ ጋ አዲስ ሰው የሚገባው አንድ ነባር አባል “አውቀዋለሁ፣ ያስተምራል” ሲል ነው። ቅሬ (የወሎ እድር) ውስጥ ሰው የሚገባው እንዴት ነው? እንደዚያው።

ግሩፑን ከፈትን፣ ግን ማንም አይጽፍም። ምን እናድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው።

የእኛም በሁለተኛው ወር ሞቶ ነበር። መጀመሪያ “ክቡራንና ክቡራት መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ” ተባለ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የአበባ ፎቶ። ሰኞ “መልካም ሳምንት”፣ ዓርብ “ጁምዓ ሙባረክ”፣ እሑድ “መልካም ሰንበት”። አበባው በዛ፣ ሰው ጠፋ።

ሁለት ነገር ማወቅ ይረዳል። አንደኛው፣ ዝምታው የእናንተ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጃኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፎ ነበር። በግምቱ እንዲህ ባሉ ስብስቦች ውስጥ ከመቶው ሰው 90ው ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፤ አብዛኛውን የሚጽፈው 1 ሰው ነው። ትንሽ ግሩፕ ላይ ከዚህ የተሻለ ይሆናል፤ ግን ዝም ያለውን ሰው እንደ ጠፋ አትቁጠሩት። እያነበበ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ያልጻፉ ጋሼ አሉን፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን የእኔን መልእክት በቃላቸው ይነግሩኛል።

ሁለተኛው መምህር መፍራቱ ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ? መምህር መሳሳት አይወድም። ፓርት ታይመር ደግሞ የሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ የሚያገኘው በስሙ ነው። “ይሄን እንኳ አያውቅም” ከሚባል ዝም ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሳሳተው አድሚኑ ይሁን። እኔ አንድ ማታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ዛሬ የናሙና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሳሠራ በናሙናው ብዛት አካፈልኩ። ከብዛቱ 1 ተቀንሶ መካፈል ነበረበት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ አረመችኝ። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን ትላላችሁ?” እስከ እኩለ ሌሊት ተወራ። አንዱ “እየፈተንኳችሁ ነው እላለሁ” አለ። አንዷ “ልጅቷን አጨበጭብላታለሁ” አለች። ያን ማታ ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ አሥራ ስምንት ሰው ጻፈ።

ጥያቄም ስትጠይቁ ትንሽ፣ ወዲያው የሚመለስ ይሁን። “የትምህርት ጥራትን እንዴት እናሻሽል?” ብትሉ ማንም አይመልስም። “ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ?” በሉ። ቁጥር መጻፍ ማንም አይፈራም። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ እሮሮው ራሱ ይከተላል።

ያ የማክሰኞ ሰዓት የምትሉት ምንድን ነው?

ግሩፑን ያተረፈው እሱ ነው። ቀን ሙሉ ክፍት የሆነ ግሩፕ የማንም አይደለም። ሰው ሲመቸው እከፍተዋለሁ ይላል፣ አይመቸውም። ቡና የሚጠጣው ግን ሰዓት ስላለው ነው። ጎረቤት “ቡና ጠጡ” ሲጠራ ይወጣል። አቦሉ ካመለጠው ለቶናው ይደርሳል፣ ለቶናውም ካልደረሰ በረካው አለ።

ማክሰኞ ማታ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው። ኤክስቴንሽን 2፡30 ላይ ስለሚለቅ ሰው ቤቱ ገብቶ እራት ቀማምሶ ይደርሳል። ርዕሱ እሑድ በድምፅ መስጫ ይመረጣል፤ ቴሌግራም ላይ “ፖል” የሚለውን መጠቀም ነው። በየሳምንቱ አንድ ዳኛ አለ። “ሞደሬተር” ማለት ሰለቸንና ከቅሬው ቃሉን ወሰድን። ዳኛው ተራ ያስጠብቃል፣ ከርዕስ የወጣውን ይመልሳል፣ መጨረሻ ላይ የተባለውን በአሥር መስመር ጽፎ ከላይ ይሰካል። ይህች አሥር መስመር ወርቅ ናት። ሰዓቱ ያመለጠው፣ ዳታ ያልነበረው፣ ክፍል የነበረው ሁሉ ጠዋት እሷን ያነባል።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ለሰላምታ ነው። አንድ ጊዜ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን አስቀረነው። ወሎዬን ሰላምታ ከልክሎ አወያያለሁ ማለት! ሰው ልጁን፣ ሚስቱን፣ የታመመ እናቱን ሳይጠየቅ ስለ ኮርስ አውትላይን እንዲያወራ ጠበቅን። ውይይቱ ደረቀ። በሳምንቱ መለስነው።

ስለ ምን ይወራል? ሰባ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ሲፈተን እንዴት ይጠበቃል። ቀን ሙሉ ሱቅ ቆሞ የዋለ ተማሪ ማታ ሲያንቀላፋ ይቀሰቀስ ወይስ ይተው። በቻትጂፒቲ ተሠርቶ የመጣ አሳይመንት እንዴት ይለያል፣ ከተለየስ በኋላ ምን ይደረጋል። (እኛ ጋ ብዙዎቹ አሁን ተማሪውን አስነሥተው “ሦስተኛውን አንቀጽ አስረዳኝ” ይላሉ። በቂ ነው።) የመውጫ ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ ርዕስ በየወሩ ይመለሳል። ኮሌጁ ተማሪዎቹ እንዲያልፉ ይፈልጋል፤ ፓርት ታይመሩ ግን በተሰጠው ክፍለ ጊዜ ቻፕተሩን እንኳ አይጨርስም። ሜክ አፕ ግባ ይባላል። ሜክ አፑ ይከፈላል ወይ? ተወያዩበት።

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች “በዚህ ሳምንት ማን ተተኪ ይፈልጋል?” ለሚለው ነው። ኮምቦልቻ ክፍል ያለው ሰው ልጁ ቢታመምበት፣ እዚያው ኮምቦልቻ ያለ አባል ገብቶ ያስተምርለታል። ክፍያውን እርስ በርስ ይጨርሳሉ። ከኮሌጁ ጋር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሳያውቁት ሌላ ሰው ክፍል መላክ ያጣላል።

በረመዳን ሰዓቱን ወደ 4 እንገፋዋለን፤ 3 ሰዓት ላይ ተራዊህ ያልወጣ ሰው ብዙ ነው። የበዓል ዋዜማ ማክሰኞ ላይ ከዋለ እንዘለዋለን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም በዓል የሚከበርበት አገር ስለሆነ የዘለልነው ማክሰኞ ብዙ ነው።

ዲን፣ የዲፓርትመንት ኃላፊ ወይም ባለቤት ይግባ?

አይግባ። ጥሩ ሰው ቢሆንም አይግባ። ኮርስ የሚያከፋፍል ሰው ባለበት ማንም “አልገባኝም” ወይም “አልተከፈለኝም” አይልም። ኮሌጁ ማስታወቂያ መላክ ከፈለገ የራሱን ቻናል ይክፈት። አንድ የእኛ አባል የዲፓርትመንት ኃላፊ ሲሆን ራሱ “ልወጣ ነው” ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። ኃላፊነቱን ሲለቅ ተመለሰ። ጭብጨባ ነበር።

ስለ ክፍያ ማውራት ነውር አይደለም?

ነውሩ አለማውራቱ ነው። አንድ ቀን ስናወዳድር፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ኮርስ ሦስት ዓይነት የሰዓት ክፍያ ተገኘ። ያነሰው የማን ነበር? ሳይደራደር የፈረመው ሰው። እኔ ነበርኩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ኮሌጅ የሴሚስተሩን ክፍያ አዘገየ። “ፈራሚው የለም”፣ “በሚቀጥለው ሳምንት”፣ “ፋይናንስ ጋ ነው”። እያንዳንዳችን በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ መስሎን ነበር። አንዱ በማክሰኞው ሰዓት ትንፍሽ ሲል አሥራ አንድ ሆነን ተገኘን። ግሩፕ ላይ አልተሳደብንም። የኮሌጁንም ስም አልለጠፍንም። አንድ ደብዳቤ ጽፈን፣ አሥራ አንዳችንም ፈርመን፣ አብረን ሄድን። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ወጣ።

የረዳን ደብተር ነበር። ቀኑ፣ ሴክሽኑ፣ ክፍለ ጊዜው፣ ያስተማርነው ቻፕተር፣ የክፍል ተጠሪው ፊርማ። ይህን መዝገብ አሁን ለአዲስ አባል ሁሉ መጀመሪያ የምንልከው ፋይል አድርገነዋል።

ሕጉንም ማወቅ ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቅ የሚቻለውም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ስድስት ወር በ“ነገ ና” በቀላሉ ያልቃል። አንዳንድ ኮሌጅ ግን የሚያስፈርመው “የአገልግሎት ውል” ነው። ያ ሌላ መንገድ ስላለው ወረቀቱን ለሕግ ባለሙያ አሳዩ። እኛ ጋ አንድ ሕግ የሚያስተምር አባል አለ፤ ምስኪን፣ ማክሰኞ ማታ እረፍት የለውም።

በነገራችን ላይ ግሩፕ ማኅበር አይደለም። ለማኅበር የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ጀምሮ አለ። ግሩፑ የሚያገለግለው ብቻዬን ነኝ ብሎ የሚብሰለሰለውን ሰው ብቻውን አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ፈተናና ውጤት እንላላክ?

ያለፈ ዓመት ፈተና አዎ። የዘንድሮ በፍጹም። ፋይሉ ከእናንተ ስልክ ወጥቶ ተማሪ ጋ ለመድረስ አንድ ማታ ይበቃዋል፤ ደርሶ አይተናል።

የተማሪ ስምና ውጤት ያለበት ዝርዝርም አይለጠፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምክር ስትጠይቁ “አንድ ተማሪ አለኝ” በሉ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስም ከጠራችሁ የልጁ አክስት ግሩፑ ውስጥ ልትኖር ትችላለች። አንድ ጊዜ ነበረች።

ፖለቲካና ሃይማኖትስ?

ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ይህን ደንብ ስናወጣ ሦስት አራተኛው ችግር ጠፋ። ሰው ራሱ ጽፎ ሌላውን አይሳደብም፤ የሌላ ሰው ስድብ ግን ሳያነበው ያስተላልፋል። አድሚኑ ቶሎ ይሰርዝ፣ ለሰውየው በውስጥ መስመር ይንገረው፣ ግሩፕ ላይ አያዋርደው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም አድሚን የሆነ ሰው ይወቅ።

ሴት መምህራን ይገቡና ዝም ብለው ይወጣሉ። ለምን?

ግሩፕ ላይ “ጥሩ ሐሳብ ነው” ብላ የጻፈች ሴት በአምስት ደቂቃ ውስጥ በውስጥ መስመር “ሰላም ነሽ? ፕሮፋይልሽን አይቼ ነው” ስለሚላክላት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ። ከዚያ በኋላ ማን ይጽፋል?

እኛ የያዝነው ደንብ አጭር ነው። ሳይፈቀድ በውስጥ መስመር መጻፍ የለም፤ ጥያቄ ካለ ግሩፑ ላይ “ልጽፍልሽ እችላለሁ?” ይባላል። አንዴ የተከሰሰ ይነገረዋል፤ ሁለቴ ከሆነ ይወጣል። ሁለት ሰው አውጥተናል። አንዱ ጥሩ መምህር ነበር። ከአድሚኖቹ አንዷ ሁልጊዜ ሴት ትሁን፤ ለወንድ አድሚን ስሞታ የምታቀርብ ሴት እምብዛም የለችም።

የማክሰኞው ሰዓትም ለሴቶች እንደማይመች ቆይቶ ነው የገባን። ማታ 3 ሰዓት ማለት ልጅ የሚያንቀላፋበት፣ እራት የሚነሣበት ሰዓት ነው። ዳኛው የሚሰካት አሥር መስመር የተጀመረችው ለዚህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ድረስም መልስ መጨመር ይቻላል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን የሚጠይቀኝ የወሎ ሰው ብቻ ነው፤ ሲጠይቅም አይስቅም።

ብዙ ዓይነት መቋረጥ አይተናል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። አባላት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ገጠር ዘመድ ተበተኑ። በየካቲት 2015 ደግሞ ቴሌግራም ራሱ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር በአገር ደረጃ ለወራት ተገደበ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ጠፋ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም።

ከዚህ የተማርነው ይህን ነው። የስልክ ቁጥር ዝርዝር በወረቀት ይኑር፤ በአባላቱ ፈቃድ፣ ሦስት ሰው እጅ ብቻ። በየከተማው አንድ “ጥሩምባ ነፊ” አለን። ዳታ ሲጠፋ የደሴው ለወልድያውና ለከሚሴው ይደውላል፤ እነሱ ለየከተማቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካሉ። ዳታ ጠፍቶ ተራው መልእክት የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞጁልና የፈተና ባንክ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ብቻ አይቀመጥ። ወደ ስልካችሁ አውርዱት፣ ፍላሽ ላይም ገልብጡት። ሁሉም ከጠፋስ? ቅዳሜ 10 ሰዓት የምንገናኝባት አንዲት ቡና ቤት አለች። ማንም ሳይጠራ መሄድ ነው።

በ2014 መስመር ሲመለስ ግሩፑ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው “አለሁ” የሚል ነበር። የመርሳው መምህር ነው የጻፈው። ከሥሩ ሌላው “አለሁ” አለ። ከዚያ ሌላው። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህች ቃል በቀር የተጻፈ የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ያልጻፉትን በስም ፍለጋ ጀመርን።

ዳታ ይጨርሳል?

ጽሑፍ አይጨርስም። የሚጨርሰው ቪዲዮና ፎቶ ነው። “ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ” ውስጥ ገብታችሁ በራሱ የሚያወርደውን አጥፉት። የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ እንዳያልፍ ደንብ አውጡ። አራት ደቂቃ ድምፅ የሚልክ መምህር ሌክቸር እየሰጠ ነው።

እንደ ቅሬ መዋጮ እንጀምር?

እኛ የጀመርነው ሳናስብ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ የቋሚው ደመወዝ ቀጠለ። እኛ ክፍለ ጊዜ የለም፣ ክፍያም የለም። አንድ የሦስት ልጆች አባት የቤት ኪራይ አጥሮት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ስሙን ሳልጠራ “አንድ ወንድማችን” ብዬ ጻፍኩ። ተዋጣ።

ከዚያ ወዲህ ለሐዘንና ለከባድ ሕመም ብቻ እናዋጣለን። መጠኑ ትንሽና እኩል ነው። በቴሌብር ለአንድ ገንዘብ ያዥ ይላካል፤ ሁለተኛ ሰው ይመሰክራል። ያልከፈለ ሰው ስም አይለጠፍም። ወርኃዊ መዋጮ ሞክረን ትተናል፤ ሰው ውዝፍ ሲኖርበት አፍሮ ከውይይቱም ይጠፋል።

የአድሚን ፎቶና ስም ገልብጦ “እባክህ በአስቸኳይ ላክልኝ” የሚል ሌባ አለ። ሁለት አባል ተበልቷል። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ድምፅ ስሙ። ባለ ሁለት ደረጃ መቆለፊያውንም አብሩ፤ በጽሑፍ መልእክት የሚመጣላችሁን ቁጥር ለማንም አትስጡ።

በግዕዝ ፊደል ነው በላቲን የሚጻፈው?

እንደተመቸው። ጂቦርድ አማርኛ አለው። የከሚሴዎቹ አንዳንዴ በኦሮምኛ ያወራሉ፣ የገባው ይመልሳል። አንድ የአማርኛ መምህራችን ብቻ በንጉሡ “ሠ” እና በእሳቱ “ሰ” ምክንያት ሰው ያርማል። ትተነዋል።

አድሚኑ ሲደክመውስ?

ይደክመዋል። እኔ አራት ዓመት ብቻዬን ያዝኩት፤ መጨረሻ ላይ ስልኬ ሲጮህ እናደድ ነበር። አሁን በየሴሚስተሩ እናስረክባለን። ርክክቡ በአካል ነው፤ ደሴ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር የሚመጡትም ይመጣሉ። በፕሮፋይል ፎቶ ብቻ የምናውቀውን ሰው “ለካ አጭር ነህ!” የምንልበት ቀን ነው።

ያለፈው የካቲት እኔ አስረከብኩ። የተረከበችው የወልድያ መምህርት ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ እኔ ከላይ ሰክቼው የነበረውን የደንብ ዝርዝር ከ19 ወደ 6 መቀነስ ነበር። ማንም ልዩነቱን አላወቀም።